ከሱቁ ጎን የነበረው መሥሪያ ቤት

ስሙኝማ! የዛሬው ትረካ የበጀት ታሪክ ነው። በጀት የሚለውን ቃል ሰምታችሁ ጆሯችሁን እንዳትነሱኝ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ግትር ተማሪ አለ፣ ከሱቅ ጎን የተቀመጠ መሥሪያ ቤት አለ፣ የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች አሉ፤ ብዙዎቻችሁም ሳታውቁት አላችሁበት። አገሩ አየርላንድ ስለሆነ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከደብሊን ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ባቡር ተሳፍራችሁ አንድ ሰዓት ያህል ብትጓዙ ፖርታርሊንግተን ትደርሳላችሁ። በ2011 ነዋሪዋ 8,000 አይሞላም ነበር። እዚያ ሴንትራ የሚባል ሱቅ አለ፤ ዳቦ፣ ወተትና ጋዜጣ የሚሸጥበት፣ በአየርላንድ በየከተማው የምታገኙት ዓይነት ሱቅ። ከሱቁ ጎን ደግሞ መንገደኛ ቀና ብሎ የማያየው ሕንፃ ቆሟል። የሰዎችን የግል ዳታ የሚይዙ ኩባንያዎችንና መሥሪያ ቤቶችን የሚቆጣጠረው የአየርላንድ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት የነበረው እዚያ ነው።

እንዴት እዚያ ሄደ? በታኅሣሥ 2003 የያኔው የገንዘብ ሚኒስትር ቻርሊ ማክሪቪ የዓመቱን በጀት ለፓርላማ ሲያቀርቡ፣ ከ10,000 በላይ የመንግሥት ሠራተኞች ከደብሊን ወጥተው በየአውራጃው እንደሚመደቡ አስታወቁ። ሥራና ደመወዝ ዋና ከተማው ላይ ብቻ እንዳይከማች ታስቦ ነው፤ ሐሳቡ ክፋት አልነበረውም። የዳታ ጥበቃው ጽሕፈት ቤት ያኔ ትንሽ፣ ማንም ልብ የማይለው መሥሪያ ቤት ነበርና ከሚሄዱት ጋር ስሙ ተጻፈ። በ2006 ጓዙን ጠቅልሎ ፖርታርሊንግተን ገባ።

አሁን ልብ በሉልኝ። ጽሕፈት ቤቱ ከደብሊን ሲወጣ እነ ጎግል ደብሊን ገብተው ነበር። በ2008 ደግሞ ፌስቡክ ከአሜሪካ ውጭ ያለውን ሥራ የሚመራበትን ዋና መሥሪያ ቤት በደብሊን እንደሚከፍት ተናገረ። ቁጥጥር የሚያስፈልጋቸው ወደ ዋና ከተማው ሲጎርፉ ተቆጣጣሪው ጓዙን ይዞ ወጣ። እንዲህ እንዲገጣጠም የወሰነ አንድ ሰው የለም፤ ግን ማንም ቆም ብሎ አልጠየቀም። መጠየቅ የነበረበት ደግሞ ፓርላማው ነበር።

በ2011 ማክስ ሽሬምስ የሚባል የቪየና የሕግ ተማሪ ብቅ አለ። ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ አንድ ወሰነ ትምህርት ተምሮ ሲመለስ፣ ፌስቡክ ስለ እኔ የያዘውን ሁሉ ይስጠኝ ብሎ ጠየቀ። የአውሮፓ ሕግ ይህን መብት ይሰጠዋል። ፌስቡክም በሲዲ ላከለት። ሲቆጠር 1,222 ገጽ ሆነ። ሽሬምስ ገጾቹን ሲያገላብጥ አጥፍቼዋለሁ ያለው መልእክት ሳይጠፋ እዚያው ተቀምጦ አገኘው። ከጓደኝነት ዝርዝሩ ያወጣቸው ሰዎች ስም አለ፤ በየትኛው ቀን ከየት እንደገባ አለ። ተማሪው አልተኛም። ወደ ፖርታርሊንግተን አቤቱታ መላክ ጀመረ፤ ተደምሮ 22 አቤቱታ።

ለምን ወደ ፖርታርሊንግተን? ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ፌስቡክ የሚጠቀም ሰው ሁሉ ውል የገባው ከፌስቡክ አየርላንድ ጋር ስለነበር ነው። «እስማማለሁ» የሚለውን ማንም ሳያነብ የሚጫነውን ነገር ታውቁት የለ? በ2012 ፒያሳ ከአንድ ኢንተርኔት ቤት ሆኖ አካውንት የከፈተ የአዲስ አበባ ልጅ ውሉ ከደብሊኑ ኩባንያ ጋር ነበር። የጎንደሩም፣ የሐዋሳውም እንደዚያው። በ2018 አዲሱ የአውሮፓ የዳታ ጥበቃ ሕግ ሊጸና ጥቂት ሲቀረው ነው ፌስቡክ ውሉን ቀይሮ የአፍሪካን፣ የእስያን፣ የአውስትራሊያንና የላቲን አሜሪካን ሕዝብ ወደ አሜሪካ ያዛወረው፤ ወደ 1.5 ቢሊዮን ሰው ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የእኛም ፎቶ፣ የእኛም መልእክት የሚጠይቅለት ሰው ቢኖር የሚጠይቀው ያ ከሱቁ ጎን ያለው መሥሪያ ቤት ነበር።

ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ምን ነበረው? በ2014 እንኳ የዓመት በጀቱ 1.89 ሚሊዮን ዩሮ፣ ሠራተኛው 30 ገደማ ነበር። ኮሚሽነሩ ቢሊ ሆክስ የሽሬምስን አቤቱታ ተቀብለው ፌስቡክን ኦዲት ሲያደርጉ፣ የቴክኒኩን ነገር የሚመረምርላቸው ባለሙያ ያገኙት ከደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ዳታ የሚያገላብጠውን ማሽን ከፍቶ ለማየት ከትምህርት ቤት ሰው መለመን ነበረበት። ኦዲቱ በታኅሣሥ 2011 ወጣ፤ ባለው አቅም ያንን መሥራታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። አቅሙ ግን ያ ነበር።

ፓርላማውን ብቻ አልወቅስም። አየርላንድ ያኔ ባንኮቿ ተንኮታኩተው ነበር። በኅዳር 2010 ከአውሮፓ ኅብረትና ከአይ.ኤም.ኤፍ. ጋር 85 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ የማዳኛ ስምምነት ውስጥ ገብታለች፤ የመንግሥት ቅጥርም ከ2009 ጀምሮ ታግዷል። ሆስፒታል ሲቸገር ስለ ዳታ ጥበቃ በጀት ማን ያነሳል? ይህ ይገባኛል። ነገር ግን ሀገሪቱ ከችግሩ የምትወጣበት አንዱ መንገድ እነዚያን ኩባንያዎች ማምጣት ነበር። ኩባንያዎቹ ሲመጡ ሥራ አመጡ፣ ግብር አመጡ፤ የሰዎችን ዳታ የመጠበቅ ግዴታም አብሮ መጣ። ሥራውና ግብሩ በየምክር ቤቱ ንግግር ውስጥ ተነገረላቸው። ግዴታው በፍትሕ ሚኒስቴር ሂሳብ ውስጥ አንዲት ትንሽ መስመር ሆኖ ቀረ።

ከዚያ 2013 መጣ። ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካን የስለላ ምስጢር አወጣ። ሽሬምስም ዳታዬ ወደ አሜሪካ አይሂድ ብሎ እንደገና አቤት አለ። ጽሕፈት ቤቱ አቤቱታው የሚመረመርበት መሠረት የለውም ብሎ መለሰው። ተማሪው ወደ ደብሊን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ሉክሰምበርግ ለሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት መራው። ጥቅምት 6 ቀን 2015 ላይ፣ አውሮፓና አሜሪካ ለ15 ዓመት ዳታ የተለዋወጡበት ስምምነት ፈረሰ። የፖርታርሊንግተን መሥሪያ ቤት ከሱቁ ጋር የተነሳው ፎቶ በዓለም ጋዜጦች ላይ ዞረ። አየርላንድ ሆን ብላ ተቆጣጣሪዋን አድክማለች የሚለው ሐሜት ከብራስልስ እስከ በርሊን ተሰማ።

ገንዘቡ መምጣት የጀመረው ሐሜቱ እየበረታ ሳለ፣ ከፍርዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሄለን ዲክሰን በመስከረም 2014 ኮሚሽነር ሆነው ሲሾሙ፣ የሚቀጥለው ዓመት በጀት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶት 3.65 ሚሊዮን ዩሮ ገባ። በ2016 4.7 ሚሊዮን፣ በ2017 7.5 ሚሊዮን፣ በ2018 11.7 ሚሊዮን፣ በ2019 15.2 ሚሊዮን። ደብሊን ውስጥም በፊትዝዊሊያም አደባባይ ቢሮ ተከፈተ። ገንዘቡ የመጣው የሕዝብ እንደራሴዎች ቀድመው ጠይቀው ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር፤ የመጣው ግን ነገሩ ዓለም ፊት ከተጋለጠ በኋላ ነው።

አሁን ከታሪኩ ትንሽ ወጣ ብለን አሠራሩን እንየው፤ ያለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባንም።

ከግንቦት 25 ቀን 2018 ጀምሮ የጸናው የአውሮፓ የዳታ ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 52 ላይ ሁለት ነገር ያዛል። አንደኛው፣ መንግሥት ለተቆጣጣሪው ሥራውን የሚሠራበት ሰው፣ መሣሪያና ገንዘብ ይስጥ ይላል። ሁለተኛው፣ ተቆጣጣሪው የሂሳብ ቁጥጥር ይደረግበት፣ ነገር ግን ቁጥጥሩ ነጻነቱን አይንካ፤ በጀቱም ለብቻው ተለይቶ ለሕዝብ የሚታይ ይሁን ይላል። አያችሁት? በአንድ አንቀጽ ውስጥ «ስጡት» እና «ተቆጣጠሩት» አብረው ተቀምጠዋል። ከሕጉ በፊትም ሉክሰምበርግ ያለው ፍርድ ቤት በ2012 በኦስትሪያ ጉዳይ ይህንኑ ነክቶታል። የተቆጣጣሪው በጀት በአንድ ሚኒስቴር ስር ቢጻፍ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሠራተኞቹ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ከሆኑ ግን ነጻ ነው አይባልም ብሎ ፈረደ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። የግል ዳታችንን በብዛት ከሚይዙት አንዱ ራሱ መንግሥት ነው፤ ግብር ሰብሳቢው፣ ሆስፒታሉ፣ ፖሊሱ፣ ጡረታ ከፋዩ። ዘበኛ ከሚጠብቃቸው አንዱ ደመወዝ ከፋዩ ሲሆን፣ ደመወዙ የሚቆረጠው በጓዳ መሆን የለበትም። ሸንጎ ያስፈልጋል። ያ ሸንጎ ፓርላማ ነው።

አየርላንድ ይህን ለማድረግ ሞከረች። ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ፣ የዳታ ጥበቃ ኮሚሽን የተባለው ያ ጽሕፈት ቤት ከፍትሕ ሚኒስቴር ሂሳብ ወጥቶ የራሱ የበጀት ርዕስ ተሰጠው፤ ርዕስ 44። ለሂሳቡ ተጠያቂው የፍትሕ ሚኒስቴሩ ሳይሆን ኮሚሽነሯ ራሳቸው ሆኑ። ዋናው ኦዲተር ሂሳቡን ይመረምራል፤ የፓርላማው የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴ ከፈለገ ኮሚሽኑን ይጠራል። ይህ ጥሩ ነው፤ በግልጽ እላለሁ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ጉድለት አለበት።

አንዱ፣ ምክር ቤቱ በጀቱን ማጽደቅ እንጂ በራሱ መጨመር አይችልም። የአየርላንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17፣ መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊርማ ሳይጠይቅ ምክር ቤቱ ከግምጃ ቤት ገንዘብ እንዳይወስን ይከለክላል። ስለዚህ ርዕስ 44 አንሷል ብሎ በጀቱን የሚመረምረው ኮሚቴ በሙሉ ቢስማማ እንኳ አንድ ሳንቲም ማከል አይቻለውም። መጮህ ይችላል፤ ሪፖርት መጻፍ ይችላል።

ሁለተኛው ጊዜው ነው። የዓመቱ ዝርዝር ወጪ በምክር ቤቱ ሳይጸድቅ መንግሥት ካለፈው ዓመት በጀት ከአምስት እጁ አራቱን እንዲያወጣ ሕግ ይፈቅድለታል። ኮሚቴው ተሰብስቦ ሲጠይቅ ከገንዘቡ ከፊሉ ሄዷል። ይህ በሌላም ሀገር ያለ ነገር ነው፤ የእንደራሴ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከወጪ በኋላ ይደርሳል።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። 2019 ነው።

አየርላንድ ውስጥ የመንግሥት አገልግሎት ካርድ የሚባል ነገር አለ። መጀመሪያ የማኅበራዊ ድጋፍ ተቀባዮች መታወቂያ ተብሎ መጣ። ከዚያ ለሌላም ለሌላም አገልግሎት ይጠየቅ ጀመር። ኮሚሽኑ በ2017 ምርመራ ጀምሮ፣ በነሐሴ 2019 ውጤቱን ይፋ አደረገ። የማኅበራዊ ጥበቃ ሚኒስቴር ካርዱን ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ማስገደጃ ማድረጉ የሕግ መሠረት የለውም፤ ከ3.2 ሚሊዮን ካርድ ያዦች የሰበሰባቸውን ደጋፊ ሰነዶችም ማጥፋት አለበት አለ። መንግሥት አልቀበልም አለ፤ ፍርድ ቤት እንገናኝ አለ።

ውጤቱ የወጣው በነሐሴ ነበር። በጥቅምት የሚቀጥለው ዓመት በጀት ታወጀ። ኮሚሽኑ የ5.9 ሚሊዮን ዩሮ ጭማሪ ጠይቆ ነበር። የተሰጠው 1.6 ሚሊዮን ነው፤ ጠቅላላው 16.9 ሚሊዮን ሆነ። ዲክሰን በመግለጫቸው ቅር መሰኘታቸውን ሳይደብቁ ተናገሩ።

ካርዱ ነው በጀቱን ያስቆረጠው አልልም፤ እንዲህ የሚል ማስረጃ የለም፤ ብሬክዚት ደጃፍ ላይ ስለነበርም ዓመቱ ለበጀት የጥንቃቄ ዓመት ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ነገሮች በሁለት ወር ልዩነት ሲሆኑ፣ ዜጋው «ምን ይሆን ነገሩ?» ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። ጥርጣሬውን የሚያጸዳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መንግሥት በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት ቀርቦ 5.9 ተጠይቆ ለምን 1.6 እንደሰጠ ምክንያቱን አንድ በአንድ ማስረዳት። ምክንያቱ ትክክል ከሆነ ይታወቅ ነበር፤ ካልሆነም እንዲሁ።

ከዚያ ወደ ሚያዝያ 27 ቀን 2021 እንምጣ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቀን ይህ ነው።

በጄምስ ሎውለስ ሰብሳቢነት የፓርላማው የፍትሕ ጥምር ኮሚቴ ስለ ዳታ ጥበቃ ሕጉ አፈጻጸም ምስክሮችን ጠራ። በአንድ ወገን ያ ተማሪ ማክስ ሽሬምስ ነው፤ አሁን የራሱን ድርጅት የሚመራ፣ በሐምሌ 2020 ሁለተኛውን የአውሮፓና የአሜሪካ ስምምነት በፍርድ ቤት ያፈረሰ ሰው ሆኗል። ከእርሱ ጋር ከአየርላንድ የሲቪል ነጻነቶች ምክር ቤት ጆኒ ራያን አለ። በሌላው ወገን ሄለን ዲክሰን። ለዓመታት በደብዳቤና በፍርድ ቤት ሲካሰሱ የኖሩት ወገኖች በአንድ ኮሚቴ ፊት፣ መዝገብ እየተያዘ፣ ሕዝብ እየሰማ ተናገሩ።

የከሳሾቹ ክስ ገንዘብ አነሰ የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። እነርሱ ያሉት ከዚያ ይከብዳል። ራያን ኮሚሽኑ አውሮፓን ወክሎ ከሚመራቸው ትልልቅ ጉዳዮች ውስጥ 98 በመቶው ውሳኔ አላገኘም አለ። የራያን ድርጅት በዚያው ዓመት መስከረም ባወጣው ጥናት ደግሞ፣ በጀቷ ከአየርላንድ የሚያንሰው ስፔን አሥር እጥፍ የሚበልጥ የውሳኔ ረቂቅ እንደምታወጣ ጻፈ። ሽሬምስም አብዛኛው ሰው አቤቱታ አስገብቶ ውሳኔ ሳያይ ይቀራል አለ። ይህ ማለት፣ ችግሩ የኪስ ብቻ አይደለም፤ የአሠራርና የፈቃድ ነው ማለት ነው።

ዲክሰን ቁጥሮቹን አልተቀበሉም። የአየርላንድ ሕግ አቤቱታን በስምምነት መጨረስን ይፈቅዳል፤ አንድ ሰው ፎቶው ከጠፋለት፣ ፋይሉ ከተሰጠው፣ ጉዳዩ አልቋል፤ መደበኛ ውሳኔ ስላልተጻፈ አልተሠራም አይባልም አሉ። ትልልቆቹ ምርመራዎች ደግሞ በጣም ሀብታም ከሆኑ ኩባንያዎች ጠበቆች ጋር የሚደረጉ ናቸው፤ አንዲት የሥነ ሥርዓት ስህተት ሁሉንም ታፈርሳለች አሉ። ይህም እውነት አለው። በመቶ ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ላይ ለሚከራከር ኩባንያ ጠበቃ መቅጠር አይከብደውም፤ በ19.1 ሚሊዮን ዩሮ ዓመቱን ሙሉ የሚኖር መሥሪያ ቤት ግን እያንዳንዱን ሙግት ማስላት አለበት።

እንግዲህ እንደራሴዎቹ እዚያ ተቀምጠው ሁለቱን ሰሙ። እኔ የማደንቀው ይህንን ነው። ፓርላማ በጀትን ይቆጣጠራል ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ደረሰኝ መቁጠር ነው፤ መኪናው ስንት ተገዛ፣ አበሉ ለማን ተከፈለ። እርሱ የግድ ነው። ግን ሌላው ግማሽ ይቀራል። የተሰጠው ገንዘብ ለተጣለበት ሥራ ይበቃል ወይ? ካልበቃ ማን ከለከለው? ከበቃስ ለምን ሥራው አልታየም? ሦስቱንም የሚጠይቅ ኮሚቴ ተቆጣጣሪውን ከመንግሥትም ከራሱ ስንፍናም ይጠብቀዋል። አንዱን ብቻ የሚጠይቅ ኮሚቴ ወይ የተቆጣጣሪው ጠበቃ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ የገንዘብ ሚኒስቴር ጸሐፊ።

ወር ሳይሞላው፣ በግንቦት 20 የአውሮፓ ፓርላማ አየርላንድ ላይ ክስ እንዲመሠረት የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። በሐምሌ የደብሊኑ ኮሚቴ ሪፖርቱን አወጣ። ኮሚሽኑ ምክር ከመስጠት ወደ ሕግ ማስከበር ይዙር፤ ተጨማሪ ኮሚሽነሮችም ይሾሙ አለ። ኮሚቴው ገንዘብ መጨመር እንደማይችል ነግሬአችኋለሁ። ግን የ2022 በጀት ከ19.1 ወደ 23.2 ሚሊዮን ከፍ አለ። በዚያው 2022 በሐምሌ መንግሥት ሁለት ተጨማሪ ኮሚሽነሮችን ለመሾም ወሰነ።

ቅጣቶቹም መጡ። በታኅሣሥ 2020 ትዊተር 450,000 ዩሮ፤ በመስከረም 2021 ዋትስአፕ 225 ሚሊዮን፤ በ2022 ኢንስታግራም 405 ሚሊዮን። በግንቦት 2023 የፌስቡክ ባለቤት ሜታ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ተቀጣ፤ መነሻው ያው የሽሬምስ የ2013 አቤቱታ ነው፤ አሥር ዓመት ፈጅቶ። ለፍርድ እንዲያመች አንድ ነገር ልጨምር። የዋትስአፑ ቅጣት አየርላንድ መጀመሪያ ስታቀርበው ከ30 እስከ 50 ሚሊዮን ነበር፤ የ1.2 ቢሊዮኑም በረቂቋ ላይ ጭራሽ ቅጣት አልነበረበትም። ከፍ እንዲል ያዘዘው የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ቦርድ ነው። እንግዲህ የእነ ራያን ጥያቄ ከንቱ አልነበረም፤ በጀት ሲሞላ ድፍረት አብሮ ይሞላል ማለት አይደለም።

በ2023 የኮሚሽኑ በጀት 26.2 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። የሜታው ቅጣት ብቻ የዚያን 45 እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ለምን ከቅጣቱ አይቆረጥለትም? የሚል አድማጭ አይጠፋም። ቅጣቱ ፍርድ ቤት ካጸናው በኋላ የሚገባው ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ነው። እኔ ይህን ትክክል ነው እላለሁ። ከቅጣት የሚኖር መሥሪያ ቤት ብዙ የሚከፍለውን ማሳደድ ይጀምራል፤ ባሏ የሚሰልላትን ሴት፣ ሆስፒታል ፋይሏን ያሳየባትን እናት ይረሳል። እንግሊዞች ሌላ መንገድ ይዘዋል፤ ተቆጣጣሪያቸው በብዛት የሚኖረው ዳታ የሚይዙ ድርጅቶች በየዓመቱ ከሚከፍሉት ክፍያ ነው፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ለሙግት ወጪው ከቅጣት እስከ 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲያስቀር ተፈቅዶለታል። በሁለቱም መንገድ ግን ጣሪያውን የሚወስን ፖለቲከኛ አለ፤ እርሱን የሚጠይቀው ያው ፓርላማ ነው።

ዲክሰን በየካቲት 2024 ሥራቸውን ለቀቁ። በምትካቸው ዴስ ሆጋንና ዴል ሰንደርላንድ ተሾሙ፤ በ2025 ቀድሞ ለፌስቡክ አየርላንድ የሠሩት ኒየቭ ስዊኒ ሦስተኛዋ ኮሚሽነር ሲሆኑ እነ ራያን እንደገና ተነሱ። ይህ የሹመት ሙግት ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

እስቲ ወደ ቤታችን ጎራ እንበል፤ ለጥቂት ደቂቃ። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) የሚባል ሕግ አለን። አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ለቴሌኮም ኩባንያዎች ፈቃድ የሚሰጠው፣ ኢትዮ ቴሌኮምንና ሳፋሪኮምን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ላይ ይህ ሥራ ተጨመረበት። በሌላ በኩል የፋይዳ መታወቂያ የአሥር ጣቶቻችንን አሻራ፣ የዓይናችንን አይሪስና የፊታችንን ምስል እየሰበሰበ ነው። የአየርላንድ ካርድ ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ይሆናል ብዬ አልጠራጠርም፤ መሆንም አለበት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በየሰኔው በጀት ሲያጸድቅ የፕላን፣ በጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ባለሥልጣኑን ለዳታ ጥበቃው ብቻ የተመደበው ስንት ነው፣ ስንት መርማሪ ይቀጥራል፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ የሚቀርብ አቤቱታን በማን ገንዘብ ይመረምራል ብሎ ይጠይቀው። ዋናው ኦዲተር ሲመጣ ደግሞ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ በግልጽ መድረኩ ላይ ያንኑ መስመር ለብቻው ያውጣው። ይህን ለመጠየቅ የእኛ ፎቶ በዓለም ጋዜጦች ላይ እስኪዞር መጠበቅ የለብንም።

የአየርላንዱን ካርድ ነገር ግን ሳልጨርስላችሁ አልነሳም። ፍርድ ቤት የሄደው ክርክር በታኅሣሥ 2021 በስምምነት ተዘጋ፤ ሚኒስቴሩ ይግባኙን አነሳ። ኮሚሽኑ ግን ሌላ ምርመራ ይዞ ነበር፤ ካርዱ ሲሰጥ የሰውን ፊት በኮምፒውተር ለክቶ ስለሚያስቀምጠው ሥርዓት። በሰኔ 2025 ውሳኔውን አወጣ። ሚኒስቴሩ የሰዎችን የፊት ልክ ለመሰብሰብ የሚያስችለው ሕጋዊ መሠረት አላሳየም ብሎ 550,000 ዩሮ ቀጣው። ቅጣቱ ከአንዱ የመንግሥት ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ ትልቁ ነገር እርሱ አይደለም። ትልቁ ነገር ከቅጣቱ ጋር የተሰጠው ትእዛዝ ነው። ሚኒስቴሩ በዘጠኝ ወር ውስጥ ሕጋዊ መሠረት ካላገኘ የሰዎችን ፊት መለካቱን ያቁም ይላል፤ ትእዛዙን የጻፈው ደግሞ በጀቱን ከዚያው መንግሥት የሚቀበለው ኮሚሽን ነው።